ምልክቱ መነሳት ነበር

ኅዳር 4

ስቱዲዮ ዋልኩ። የሬዲዮ ድራማችን ነርስ አለቀሰች፣ ደግማ አለቀሰች። ድምፅ ቀራጩ ለቅሶዬን አልወደደውም። «አፍንጫ በዛበት» አለኝ። ስንት ዓመት ያቺን ነርስ ሆኜ ሳለቅስ አንድም ቀን ደህና አድርጌ አላለቀስኩም ማለት ነው?

ስወጣ በር ላይ ሰው ጠበቀኝ። ያ ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን ጉቦኛ የሚያስይዘው ጋዜጠኛ። እሱና ፖሊስ አብረው ወጥመድ ያጠምዳሉ፣ ሰውዬው ገንዘቡን ሲቀበል ካቴና ይገባለታል፣ አገር ያያል። እማ ካቴናው ሲገባ «እሰይ» ሳትል ቀርታ አታውቅም። ባለጉዳይ መስላ የምትገባለት ሴት ፈልጎ ነው የመጣው። የቀድሞዋ ታወቀችበት። «ያንቺን ድምፅ እንጂ መልክሽን የሚያውቅ የለም» አለኝ።

አባባ የታመመ ጊዜ የሆስፒታል አልጋ ለማግኘት ያልከፈልነው ጉቦ እንደሌለ ትዝ አለኝ። እሺ አልኩት። ሳላስብ ነው መሰለኝ… አይ፣ አስቤ ነው። ደስም ብሎኛል።

ኅዳር 9

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፣ ለልምምድ። ኢንስፔክተሩ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ «እህቴ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ቦርሳ ሰጡኝ። ከጎኑ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ካሜራ አለችው። እኔ ባሏ የሞተባት፣ አሮጊት እናት የምትጦር፣ የቧንቧ ውሃ ለማስገባት ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ነኝ። የምናጠምደው የውሃ መስመር ክፍሉን ኃላፊ ነው።

የቢሮው በር ደብዛዛ መስታወት ነው አሉኝ። ከኮሪደር ሲታይ ከሰው ጥላ በቀር ምንም አይለይም። ስለዚህ ምልክቱ መነሳት ነው። ገንዘቡን ሲቀበለኝ ከወንበሬ እነሳለሁ፣ እነሱ ጥላዬን አይተው ይገባሉ።

«ባይቀበለኝስ?» አልኩ።

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። «የማይቀበል ሰው ጋ አንሄድም» አለ።

ጋዜጠኛውም ሳቀ። እኔም… አዎ፣ እኔም ሳቅኩ።

ኅዳር 12

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

ጠባብ ቢሮ። ጠረጴዛው ላይ የተቆለለ ፋይል፣ መስኮቱ ሥር የዛገ ቧንቧ ቁራጭ። ሰውዬው ሃምሳን ያለፈ ነው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ወጌን አወራሁለት። ጥሩ ሠራሁ፣ ምን ዋጋ አለው። እናቴ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ እንደምትወጣ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይኼኔ ነው ፖስታውን ያወጣሁት። «ለሻይ ብዬ ነው» አልኩ።

በሁለት ጣቱ ገፋው። እንደተማርኩት ደግሜ አስጠጋሁለት። አነሳና እጄ ውስጥ መልሶ አስገብቶ ጣቶቼን አጠፈልኝ፣ ለልጅ ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰው። አልተቆጣም። አዛውንት ያሉበት ቤት ቅድሚያ እንዳለው፣ የእናቴን ዕድሜ የሚያሳይ ወረቀት ይዤ ብመጣ ያለ ምንም ነገር እንደሚገባልኝ ነገረኝ። «እናትሽን ከእንግዲህ ውሃ አታሸክሚያቸው» አለኝ።

ከዚያ ሊሸኘኝ ተነሳ።

ተነሳሁ። በቃ ይኸው ነው። ታላቅ ሰው ቆሞልኝ ቁጭ ብዬ መቅረት አላውቅበትም፣ እማ በቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ። ምልክቱ ትዝ ያለኝ ከቆምኩ በኋላ… በሩ ተበረገደ።

መብራት፣ ካሜራ፣ ጩኸት። ፖስታው ያለው እኔ እጅ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተሩ ፖስታውን አየ፣ እኔን አየ። «አልተቀበለኝም» ልል አፌን ስከፍት «ካሜራውን አቁም» አለ፣ ረጋ ብሎ። ጋዜጠኛውንና ካሜራ ያዡን ወደ ኮሪደር መለሳቸው። ለእኔ፣ «እጁ ላይ አድርጊለት» አለኝ። ለሰውዬው፣ «ማስረጃ ነው፣ ያዘው» አለው።

አደረግኩለት። ያዘው። ፖሊስ ያዝ ሲልህ ትይዛለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ? ካሜራው እንደ አዲስ ገባ።

ሰውዬው አልጮኸም። ሲወስዱት ዞሮ «እናትሽስ?» አለኝ። እውነት እናት አለችሽ ወይ ማለቱ ይሁን፣ ውሃው ይሁን… አላውቅም።

ኅዳር 13

አልወጣሁም። ለእማ ራሴን አመመኝ አልኳት።

ኅዳር 16

ጋዜጠኛው ቢሮ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እያዳመጠኝ ስልኩን ያገላብጣል። እሱ ኮሪደር እንደነበር፣ በዓይኑ ያየውን ብቻ እንደሚያሳይ ነገረኝ። የቦርሳዬስ ካሜራ? «አልቀዳም አሉኝ» አለ። አሉኝ! አንተስ ታምናቸዋለህ ወይ ብለው ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

ቆይቶ ባለፈው ወር ያስያዘውን ሐኪም አነሳብኝ። ነፍሰ ጡር ሴቶችን በር ላይ እያስጠበቀ ይቀበል የነበረውን። እሱ እውነት ነበር። እኔም እማ አጠገብ ቁጭ ብዬ አጨብጭቤያለሁ።

«ፖሊስ በሩን ከዘጋብኝ እነዚያን ማን ይነካቸዋል? ንገሪኝ።»

ልሄድ ተነሳሁ። ትክክል ስለሆነ ነው? ወይስ እኔ ጨዋታው ላይ ስላለሁበት? እስከ ደረጃው ሸኘኝ። እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኢንስፔክተሩ ጋ ሄጄ ይህን እንዳላወራ ለመነኝ። ለካ እሱም ይፈራዋል።

ኅዳር 20

ተላለፈ። ፊቴን ሸፍነውታል። ድምፄን ረስተውታል። የሬዲዮ ተዋናይ ቀጥረው ፊቷን ደብቀው ድምጿን ለአገር ለቀቁት! ጅሎች… ወይስ ጅሏ እኔ ነኝ?

ስለ ጀሪካኑ ያወራሁት ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ለሻይ ብዬ ነው» እላለሁ፣ ከዚያ ቆረጥ ይልና የሰውዬው እጅ ይመጣል፣ ፖስታውን እንደያዘ። ቦርሳው አልቀዳም አልነበር? ታዲያ ይህ ድምፅ ከየት መጣ? ቀድቷል። ቆርጠው የጣሉት እኮ የእሱን ቃል ነው።

እማ ዞራ አየችኝ። ካቴናው ገባ። «እሰይ» አላለችም።

ኅዳር 22

ባለሱቁ ዳቦውን እየሰጠኝ «ነርሷ፣ ፖሊስ ቤት ገባሽ አሉ» አለኝ፣ እንደ ቀልድ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ድሮ ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ስል ሰው በድምፄ ያውቀኝና ይስቅልኝ ነበር። ዛሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ፣ አፌን ላለመክፈት።

ስልኩ ይጠራል፣ ሳነሳው ዝም። አንዱ ብቻ «እንሰማሻለን» ብሎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ወንድ በራችንን ደበደበ። እማን ጎትቼ ጓዳ ገባሁ፣ ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ኖሯል። እማ ሳቀች… ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዝም በይ ልጄ» አለችኝ።

ኅዳር 29

ስቱዲዮ በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ መለኪያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስታው መጥታለች። የሰውዬው ሚስት መሆኗን ስትነግረኝ እጇን አየሁ። ምን ይዛ ይሆን ብዬ። ባዶ ነው።

የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና እየሰፋች ድራማችንን ስታዳምጥ ዓመታት እንደሆናት፣ እኔን እንደ ዘመድ እንደምታውቀኝ ነገረችኝ። ልጆቿ በሰው ዓይን ተሳቀው ትምህርት ቤት አንሄድም ብለዋል። ከተፈረደበት አምስት ዓመት ነው ብሏታል ጠበቃው።

«ልጣላሽ አልመጣሁም» አለች። «እሱ አልተቀበልኩም ይላል፣ እኔም አምነዋለሁ። ግን ቪዲዮውን ሳየው… እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ተቀብሏል?»

«በሕግ የተያዘ ጉዳይ ነው፣ መናገር አይፈቀድልኝም» አልኳት። ይህ አነጋገር ከየት መጣ? የእኔ አይደለም፣ የኢንስፔክተሩ ነው።

«ገባኝ» ብላ ሄደች። ምን እንደገባት አልነገረችኝም። ስቱዲዮ ገብቼ የነርሷን ለቅሶ አለቀስኩ። ድምፅ ቀራጩ ዛሬ ምንም አላለም።

ታኅሣሥ 7

ቤት ስገባ ኢንስፔክተሩ ሳሎናችን ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። እማ ከኩሽና በር ላይ ሆና ታየዋለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ያለ ደንብ ልብስ ነው የመጣው። ስለ እማ ወገብ ሕመም ጠየቀ። ስለ ወንድሜም ጠየቀ። የትኛው መስመር ላይ አውቶቡስ እንደሚነዳ ያውቃል… ማን ነገረው?

ማክሰኞ ለምስክርነት እንደምቀርብ ነገረኝ። ቪዲዮው የሚያሳየውን ብቻ እንድናገር። ሲወጣ በር ላይ ቆም አለ።

«ከዚያ ያለፈ ነገር ካወራሽ፣ ገንዘቡን እጁ ላይ ያደረገው ማነው ተብሎ ይጠየቃል» አለኝ። «እኔ እጄ ላይ ገንዘብ አልነበረም፣ እህቴ።»

ለእማ እጅ ነስቶ ሄደ። ብርጭቆውን አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት።

ታኅሣሥ 13

ነገ ነው። ብታመምስ? ብጠፋስ? ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ መኪናውን ፈትሽ ከማለት በቀር የምለው ጠፋኝ። «ምን ሆነሻል?» ይለኛል። ምንም አልኩት። አልበላሁም። ፈርቻለሁ… እንዲህ መፍራት እንዳለም አላውቅም ነበር።

እውነቱን ብናገር እኔ እታሰራለሁ። ባልናገር እሱ። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ታኅሣሥ 14

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀኝ። ተከሳሹ ፖሊስ ሲገባ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነበር ወይ?

«ይዞ ነበር» አልኩ።

ኢንስፔክተሩ የፊተኛው ወንበር ላይ እግሩን አነባበረ። የሰውዬው ሚስት መሬት መሬት ታያለች። ሰውዬው ከስቷል፣ ያው ሹራብ ነው የለበሰው። ዐቃቤ ሕጉ ጨርሻለሁ ብሎ ሲቀመጥ እኔም መሄድ እችል ነበር። እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር እንኳ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «የምትጨምሪው አለ?» ባይሉኝ ኖሮ…

«አለ» አልኩ። «ገንዘቡን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

ጀመርኩት፣ ከጀመርኩት ወዲያ ማቆም አቃተኝ። እንዴት እንደገፋው፣ ጣቶቼን እንዴት እንዳጠፈልኝ፣ ለምን እንደተነሳሁ፣ ካሜራውን አቁም ያለው ማን እንደሆነ። ቦርሳው ቀድቷል፣ የቆረጡትን ጠይቋቸው አልኩ። ድምፄ እንደ ተዋናይ አልነበረም። ይሰባበር ነበር።

«ይህን ስትናገሪ ራስሽን እንደምትወነጅዪ ታውቂያለሽ?» አሉኝ ዳኛዋ።

«አውቃለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ አልሄደም። ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ለማን እንደጻፈ አላውቅም።

ታኅሣሥ 22

ዳኛዋ ቦርሳው የቀዳው ሳይቆረጥ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ፖሊስ ጠፍቶብናል አለ። በዚያው ክሱ ተነሳ፣ ሰውዬው ትናንት ቤቱ ገባ።

ለእኔ መጥሪያ መጣ። የሐሰት ማስረጃ በመፍጠር፣ ይላል። የኢንስፔክተሩ ስም የለበትም። ጋዜጠኛው ስልኩን አያነሳም፣ ፕሮግራሙ ግን ቅዳሜም ተላልፏል። ድራማው ውስጥ ነርሷንም ገደሏት። በመኪና አደጋ፣ ድምጿ ሳይሰማ። ሌላ ተዋናይ ናት «ሞተች አሉ» ያለችው። እማ ሬዲዮኑን ዘግታ ካልሲና ሳሙና ትሸክፍልኝ ጀመር። ነገ ጠዋት ነው የምቀርበው። ጠበቃ የለኝም። ወንድሜ ከሥራ መቅረት ፈራ፣ አልፈረድኩበትም።

ሲመሻሽ በር ተንኳኳ። እማ «አትክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩት። ልብስ ሰፊዋ ናት።

አልገባም አለች። ባሏ መምጣቷን አያውቅም። «ስምሽ ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል» አለችኝ። «ይቅር አላለሽም፣ እንዳትጠብቂ። እኔም ገና ነኝ።»

ምን እላለሁ? ራሴን ነቀነቅኩ።

«ነገ ግን አብሬሽ እቀርባለሁ» አለች። «ሰው ሁሉ ሸሽቶት ለብቻው የቆመ ሰው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።»

ዞራ ሄደች። እማ ከኋላዬ መጥታ በሩን ዘጋችና መቀርቀሪያውን ጣለችው። ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ።

«የሰውዬው ሚስት ናት» አልኳት። «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ ትላለች።»

እማ መቀርቀሪያውን አንስታ በሩን ከፈተችው፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ መንገዱ ወጥታ፣ «ልጄ፣ ነይ ግቢ» እያለች ትጣራ ጀመር።