ሃያ ደቂቃ ስጪኝ ያልኩሽ ዕለት

ለውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ቀደም ሲል እንደ ቀልድ ስላነሳሽልኝ፣ ብብትሽ ሥር ስለወጣችው እብጠት አሁን አልጠይቅሽም፤ ኋላ እመጣበታለሁ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ጩጬሽ እስክሪብቶ ማንሳቷ ገርሞሽ ይሆናል። ስልክ ደውዬ ድምፅሽን ከሰማሁ የምናገረው ሁሉ እንደሚጠፋኝ ስለማውቅ ነው።

እዚህ ያው ነው። ጠዋት የቤተ ሙከራውን በር ከፍቼ እገባለሁ፣ ማታ ዘግቼ እወጣለሁ። እሁድም አልቀርም። መሀል ላይ የማናግረው ሕዋሳቱን ነው። አትሳቂ! "እናንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆናችኋል?" እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። ምሳዬን ኮሪደሩ መስኮት ሥር ቆሜ እበላለሁ፤ ከተቀመጥኩ አጠገቤ ያለው ባዶ ወንበር ያስጠላኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብቸኝነቱ ገድሎኛል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የሰውነታችንን ገጽ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ውስጣቸው አክቲን በሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ተወጥሮ፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይኖራሉ። ከውጭ አንድ መልእክት ሲነካቸው ክሮቹ ይፈርሱና በሌላ መልክ ይሠራሉ። ያን ጊዜ ሕዋሱ ቅርጹን ለውጦ፣ ጎረቤቱን ለቆ ይሄዳል። ቁስል ሲሆን ደግ ነው፣ እንዲያ ይደፈናል። ክፉ በሽታም የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ የመልእክቱን ጠብታ ጨምሬ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ፣ ገድሎ ባሉበት ቀጥ የሚያደርጋቸውን ማድረቂያ አፈሳለሁ። ከዚያ ክሮቹን ቀለም አጠጥቼ አያለሁ።

ያን እሁድ ስትደውዪ ሰዓት ይዤ ነበር። እነዚያ የምትነግሪኝ ነገሮች ቦታቸውን ሲለቁ ሰውየውን ያመዋል ወይ አልሽኝ። እኔ ጅሏ፣ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ለዚህ እኮ ነው ሰው ሳያውቀው የሚቆየው ብዬ ለተማሪ እንደማስረዳ አስረዳሁሽ። ከዚያ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር ስትዪኝ፣ ሃያ ደቂቃ ስጪኝ፣ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ይኸው ስድስት እሁድ አለፈ። አንቺም አልደወልሽም፤ እኔም አኮረፈች ብዬ አኮረፍኩ።

ትናንት ጉድ ሠራሁ። ጠርሙሶቹን አቀያይሬ ማድረቂያውን መጀመሪያ፣ መልእክቱን ኋላ ጨመርኩ። በአሥራ ሁለቱም ሳህኖች ውስጥ አንድ ክር አልተነቃነቀም። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ገደል ገባ። አለቃዬ ማስታወሻዬን አገላብጠው፣ "አንቺ ልጅ፣ ከሞቱ በኋላ እኮ ነው የጠራሻቸው" አሉኝ። አብረዋቸው የነበሩትም ሁሉ ሳቁ። እኔ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ጥያቄሽ ስለ ራስሽ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

እታለም፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ትኬቱም ተቆርጧል። የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። ይቺን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ በሚነሳው ሹፌር እጅ እሰዳታለሁ። ለእኔ አልጋ አታንጥፊ፤ እንደ ልጅነታችን ከጎንሽ እተኛለሁ፣ ብርድ ልብሱን ከሳብኩብሽ ቆንጥጪኝ። ሐኪም ቤት ሄደሽ እንደሆነ ግን ወረቀቱን ትራስሽ ሥር አትደብቂው። አብረን እናነበዋለን።

እስከዚያ አምላክ በጤና ያቆይልኝ፤ ክፉ አይንካብኝ። ሐሙስ በሩን ሳንኳኳ ማንንም እንዳትልኪ። ራስሽ ክፈቺልኝ።

የአንቺው ታናሽ፣
ጩጬ