ከሰፊው ምሰሶ ጀርባ እረፊ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ይዞሻል? ይህን የምጠይቅሽ እንደ ልጅ ነው። እንደ መሥሪያ ቤት የምትጠየቂው የድንበሩን ድልድይ ተሻግረሽ መስኮታችን ጋ ስትደርሺ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሌላ መሆን አለበት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ድመቷም ደህና ናት፤ ወልዳ ወንበርሽን ከነልጆቿ ወርሳለች። ስትመጪ ተከራከሪያት፤ እኔን አሸንፋኛለች።

ደብዳቤሽ በአትክልት ነጋዴዋ እጅ ደረሰኝ። ከቲማቲም ሥር ስለመጣ ግማሹ ቀልቷል፤ ዋናውን ግን አንብቤያለሁ። ዝናብ ሳይገባ «ለጥቂት ቀን» እኔን ለማየት ትመጪያለሽ። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። እማዬ፣ ፈራሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ቢሯችን ውስጥ ግድግዳውም ጆሮ አለው፤ አንቺ ደግሞ ስልክ ስታወሪ ድምፅሽ ያለ ስልኩም ከማዶ ይሰማል። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

አዲሱን ደንብ ሰምተሻል። የሌላ አገር ወረቀት ይዞ ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ የመግቢያ ይከፍላል፤ የጤና መድንም ከመስኮታችን ይገዛል። ያለ መድን መግባት የለም። ደንቡ ይህን ሰው ሁሉ «የውጭ አገር ጎብኚ» ይለዋል፤ ወፍ ሊያይ የመጣውንም፣ ሽንኩርት ተሸክሞ የመጣውንም፣ አንቺንም። አባባን አግብተሽ እዚህ ጎጆ የወጣሽው፣ እኔን እዚህ የወለድሽው፣ ኋላ አያቴን ልታስታምሚ ማዶ ተሻግረሽ እዚያው ወረቀት ያወጣሽው አንቺ፣ አሁን ቱሪስት ነሽ። የጎደለሽ ካሜራ ብቻ ነው። ባለፈው ይህን ስነግርሽ «ልጄን ለማየት የመግቢያ ልከፍል? ሙዚየም ናት እንዴ?» ብለሽ ነበር። አልተከፋሁም፤ ሙዚየም ቢያንስ ጎብኚ አለው።

የመግቢያው ነገር አያሳስብሽ፤ እሱን ለእኔ ተይው። የሚያስፈራኝ መድኑ ነው። መድኑ ቀድሞ የነበረ በሽታን አይሸፍንም። ለጠገበ ሰው ምሳ እንደመጋበዝ በይው። ስለዚህ የታመመ ሰው ገና መስኮቱ ላይ መለየት አለበት። ለዚህ ሐኪም አልቀጠሩልንም፤ ሐኪም ደመወዝ ይጠይቃል። እኛን አሠለጠኑን። ሥልጠናው ደግሞ እስክሪብቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎብኚው ሊፈርም ሲል እስክሪብቶውን እናቀብለውና እንደ ድንገት በእሱ በኩል እንጥለዋለን። ጎንበስ ብሎ ካነሳው ጤነኛ ነው፤ እንኳን ደህና መጡ እንለዋለን። ካቃሰተ፣ ደረቱን ከያዘ፣ ወይም ቆሞ እስክሪብቶውን እንደ ጠላት ካየው ወደ ጎን ክፍል ይላካል፤ ከጎን ክፍል ደግሞ ወደመጣበት። ይህን የፈለሰፈው አለቃችን ራሱ ነው። «አፍ ይዋሻል፣ ወረቀት ይዋሻል፤ ወገብ ግን አይዋሽም» ይላል። ከኋላው «አቶ ወገብ» እንለዋለን። ከፊቱ ምንም አንለውም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን የሆነውን ልንገርሽ። አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ፣ የሩቅ አገር ሰው፣ ወፍ ሊያይ መጣ። የደረሰው ሳቂታው መስኮት ላይ ነው። ሳቂታውን ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ሻንጣሽን ይዞ «እማማ፣ ድንጋይ ነው የምታሻግሩት?» ያለሽ ልጅ ነው። እስክሪብቶው ወደቀ። ሽማግሌው ፊቱ ደም እስኪመስል ጎንበስ ብሎ አነሳና ሳቀ፤ ሳቂታውም ሳቀ፤ ማኅተሙ ተመታ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውየው ወፎቹ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። ሆስፒታሉ ወደ መድን ድርጅቱ ደወለ። መድን ድርጅቱ «በሽታው ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ አናውቀውም» አለ። ሆስፒታሉም በአምቡላንስ ጭኖ ወደ ድልድዩ መለሰው።

ድልድዩ መሀል ላይ ያሉትን ሁለት ነጭ መስመሮች ታስታውሻለሽ? አንዱን የእኛ ቀቢ፣ ሌላውን የእናንተ ቀቢ ቀባው፤ ልኩ ላይ ስላልተስማሙ በመካከላቸው አንድ መኪና የሚያስቆም ቦታ ቀረ። ማንም ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። አምቡላንሱ እዚያ ቆመ። የእናንተ ጠባቂዎች «እኛም ጋ መድን ያስፈልጋል» አሉ። የእኛዎቹ «ወጥቷል፣ መውጫ ማኅተም ተመትቶበታል፤ እንደገና ለመግባት መድን ይግዛ» አሉ። ሁሉም ልክ ነበሩ። ያስፈራኝም እሱ ነው፤ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም።

ሙቀቱ ስለከበደ ሾፌሩ የኋላውን በር ከፍቶት ነበር። ከመስኮቴ የሽማግሌው እግር ይታየኛል፤ አንዱ ካልሲ ወልቋል። ሻይ ሻጯ ውኃ ይዛ ሄደች፤ እሷን መድን የጠየቃት የለም። ወረፋው ረጅም ስለነበር ማኅተም ስመታ፣ ቀና ስል፣ ማኅተም ስመታ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ቀና ስል መኪናው የለም። ወዴት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። መስኮቴን ዘግቼ ስወጣ ባርኔጣው ብቻ የድልድዩ ብረት ላይ ተሰክቶ ንፋስ ያንቀሳቅሰው ነበር።

በማግስቱ ሳቂታው አለቃ ቢሮ ተጠራ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ የለም። «ወዴት ተዛወረ?» ስንል «ተዛውሯል» ይሉናል። አሁን ደንቡ ጠንክሯል፤ ያሳለፍነው ጎብኚ ውስጥ ገብቶ ቢታመም ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። እናም ሁሉም ሰው እስክሪብቶውን ሁለቴ ይጥላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ስትመጪ ድልድዩ ላይ ደጋግመሽ ቆምሽ። ስጠይቅሽ «ወንዙን ሳይ ነው» አልሽኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያየሽው ወንዝ ያን ቀን ምን አዲስ ነገር እንዳደረገ አላውቅም። ቤቴ በር ላይ ቁልፉ ከእጅሽ ሲወድቅ ዝም ብለሽ አየሽውና «አንቺ ወጣቷ አንሺው» አልሽ። አነሳሁት። ደብዳቤሽ ላይ ደግሞ ዶሮዎችሽን ለጎረቤትሽ እንደሰጠሽ ጽፈሻል። እማዬ፣ ለጥቂት ቀን የሚሄድ ሰው ዶሮውን አደራ ይላል እንጂ አይሰጥም። እኔ ልምጣልሽ ስል «አይሆንም፣ እኔ ነኝ አንቺ ጋ የምቀመጠው» ብለሻል። የምቀመጠው አልሽ፤ የምጎበኘው አላልሽም። ምንም አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ማኅተም እየመታሁ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል የቆመ መኪና አያለሁ፤ በሩ ተከፍቶ፣ በባርኔጣው ቦታ ሰማያዊው ሻርፕሽ ተንጠልጥሎ። ያን ጊዜ ማኅተሙን ገልብጬ እመታለሁ። እስካሁን ያስተዋለ የለም።

ስለዚህ አደራሽን ስሚኝ። በጋሪ እንዳትመጪ፤ በጋሪ የመጣች ሴት ገና ሳትወርድ ታምማለች። በጠዋት ከአትክልት ነጋዴዎቹ ጋር ተቀላቅለሽ ነይ፤ እነሱ ሲጯጯሁ ማን እንደቆመ ማን እንደሄደ አይለይም። ድልድዩ ላይ ሲደክምሽ በየቦታው አትቁሚ። ከሰፊው ምሰሶ ጀርባ እረፊ፤ ከመስኮታችን የማይታየው ቦታ እሱ ብቻ ነው። እዚያ የፈለግሽውን ያህል ወንዙን እይ።

በእኔ መስኮት አታልፊም፤ ዘመድን ማስተናገድ ክልክል ነው። የምትደርሺው ከጎኔ ያለችው ጠንቃቃዋ ጋ ነው። «እንዴት ነዎት?» ትልሻለች። የሩቅ አገር ሰዎች ይህን ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፤ «ትናንት ትንሽ ደረቴን ወጋኝ» ይላሉ፣ ከዚያ ጎን ክፍል ናቸው። የእኛ ሰው ግን ቤቱ እየነደደም «ደህና፣ እናንተስ?» ነው የሚለው። አንቺ አባባ በሞተ ማግስት እንኳ ሊያጽናናሽ የመጣውን ሁሉ «ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» ስትዪ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ዕድሜሽን ሙሉ ተለማምደሻል፤ በእሱ አልሰጋም።

የቀረው እስክሪብቶው ነው። «የጣለ ያንሳ!» በያት ልልሽ አስቤ ነበር። እኛ ቤት ሁልጊዜ ይሠራ ነበር፤ መንግሥት ላይ ግን አልተሞከረም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይገባ ገብቼ የሁሉንም መስኮት እስክሪብቶ በገመድ ከጠረጴዛው ጋር አሰርኩት። ጎብኚዎቹ ይዘውት እየሄዱ ነው አልኩ። አቶ ወገብ ገመዱን ሳብ ሳብ አድርጎ ካየ በኋላ በሠራተኛው ፊት አመሰገነኝ፤ ለመንግሥት ንብረት ተቆርቋሪ ተባልኩ።

ጠንቃቃዋ ግን ገመዱን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትሽ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። ሦስት ልጆች አሏት፤ ከሳቂታው ወዲህ ማኅተም ከመምታቷ በፊት ወረቀቱን ደጋግማ ታያለች። ወዲያው ወደ ወረፋዋ ዞረች። ቀኑን ሙሉ በጎን ሰርቄ ሳያት ዋልኩ። እስክሪብቶው ከእጇ በወደቀ ቁጥር በገመዱ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ እሷም መልሳ ታነሳዋለች። መቀስ አጠገቧ ነበር። አልቆረጠችውም።

ይህ ግን ብዙ አይቆይም። አንድ ቀን አቶ ወገብ የጎን ክፍሉ ለምን ባዶ እንደሆነ ይገርመዋል፤ ያን ጊዜ ሌላ የሚወድቅ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ዝናቡን አትጠብቂ። ቶሎ ነይ።

አልጋሽን ወደ ታችኛው ክፍል አውርጄዋለሁ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የትም የማትደውል፣ ምንም የማትጠይቅ። ሆስፒታል የሚባል ነገር አናነሳም። አባባ መቃብር አጠገብ ያለው ዛፍ አድጓል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ባለፈው እሁድ ሄጄ አየሁት። አድጓል። ጥላው ለሁለት ይበቃል።

ፈጣሪ እግርሽን ያበርታልሽ። ድልድዩን እንደ ቤትሽ ደጃፍ ያቅልልሽ። የጠባቂውን ዓይን ወደ ወንዙ ያዙርልሽ። ለእኔም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። መስኮቱን አልፈሽ እጄ ውስጥ ስትገቢ እንደገና «እንዴት ነሽ?» እልሻለሁ። ያን ጊዜ ግን፣ እማዬ፣ ደህና ነኝ እንዳትዪኝ።

ከመስኮቱ ወዲህ የምትጠብቅሽ፣
አንድያ ልጅሽ