በመስኮት ለወጡት ዲናችን

ለተከበሩ የደጋ ብርሃን ምህንድስና ኢንስቲትዩት ዲን
መካነ ሰላም

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ አፊያ እንዲሰጥልኝ፣ በተለይም ከአዳራሹ መስኮት ሲወርዱ ወለም ያለው ቁርጭምጭሚትዎ ፈጥኖ እንዲሽርልዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ሱሀይላ ኑርሁሴን እባላለሁ፤ በሕንፃ ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎ ስሆን፣ የአደባባይ ንግግር በተባለው ትምህርት የወደቅሁትም እኔው ነኝ።

ትምህርቱን ስላመጡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ሕንፃ ሠርቶ ስለ ሕንፃው አፉን መፍታት የማይችል መሐንዲስ አላስመርቅም» ሲሉ ከልቤ ተስማምቻለሁ፤ ሰው ፊት ስቆም የገዛ ስሜን እንኳ ከወረቀት የማነብ ነበርኩና። አሰልጣኛችን አቶ ስማቸውም ለእኔ ዓይነቱ ፈሪ መላ አላጡም። ዓይን ለዓይን መተያየት ካስፈራችሁ ከአድማጩ አናት በላይ የኋላውን ግድግዳ እዩ፤ ርዕሳችሁን አድማጩ ካለበት ቦታ ጋር አያይዙት፤ ከባድ ዓረፍተ ነገር ከተናገራችሁ በኋላ ደግሞ ዝም በሉ፣ ዝምታው ይናገርላችኋል አሉን።

እንግዲህ አንደኛው ቅሬታዬ የተማርኩትን ሳላጓድል በመፈጸሜ መቀጣቴ ነው። በፈተናው ዕለት ጥናታችንን ለእንግዶች እንድናስረዳ ስንታዘዝ፣ ወረኢሉ ልጆችን ቁርዓን እያስቀሩ የሚያስተምሩት አባቴ ሼህ ኑርሁሴን እኔን ሊሰሙ በአውቶቡስ መጥተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። የእኔ ጥናት የሚያሰጋን የግድግዳ ስንጥቅ ከማያሰጋው እንዴት መለየት እንደሚቻል ነው። መድረክ ላይ ስወጣ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ስላስፈራኝ የኋላውን ግድግዳ አየሁ፤ እዚያም እርስዎ በቅርቡ መርቀው በከፈቱት አዳራሽ ላይ ከጣሪያው ሥር የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁ። ርዕሴን ከቦታው ጋር የሚያያይዝልኝ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ «ለምሳሌ ከበስተጀርባችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ይታየኛል» አልኩ። ከባዱ ዓረፍተ ነገሬ ይህ ስለነበር ዝም አልኩ።

ዝምታው በእርግጥም ተናገረ። የተሰበሰበው በአብዛኛው መሐንዲስ ነውና ሁሉም ዞር ብሎ አየ፣ ወንበር በወንበር ላይ ተገለበጠ፤ ክቡርነትዎም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ «ውጡ! ሊደረመስ ነው!» እያሉ በመስኮቱ ቀደሙን። መንገዱን አስቀድመው ሊፈትሹልን ፈልገው እንደሆነ ስለገባኝ አመሰግናለሁ። «ነገር ግን የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ ስለሆነ አያሰጋም» የሚለውን ቀሪ ንግግሬን ያሰማሁት ለባዶ ወንበሮች ነው።

ለባዶ ወንበሮችና ለአባቴ ማለቴ ነው። እሳቸው ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አባባ፣ ለምን አልወጡም?» አልኳቸው።

«አንቺ መቼ ጨረስሽና? እየሰማሁሽ ነው፤ ቀጥይ» አሉኝ።

ፍርሃቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው። ንግግሬን ለእሳቸው ብቻ እስከ መጨረሻው አሰማሁ። ሲያበቃ «በይ ለእነዚያም ንገሪያቸው፤ ደንግጠዋል» ብለው ይዘውኝ ወጡ። ማይኩን ማን ይዞት እንደሮጠ ስላልታወቀ በባዶ ድምፄ «አብሽሩ! ምሰሶው ደህና ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቱን ሰምቶ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ግቢው በር ላይ ቆመ። በሩ ላይ ቆሎ የሚሸጡት እቴቴ አልታየች «ልጄ፣ የእኔ ቤት ከማዕዘኑ ተሰንጥቋል፤ እሱስ?» ብለው ጠየቁኝ። መለስኩላቸው፤ ሌላው ጠየቀ፤ በዚያው ያለ ወረቀት የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን እስኪሰማ ተናገርኩ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በማግስቱ የተለጠፈው ውጤት ነው። አቶ ስማቸው ያሳለፉኝን እርስዎ ሰርዘው «አድማጭ መያዝ አልቻለችም» ብለው ጽፈውበታል። ቢሮዎ መጥቼ ሳስረዳዎ ገና ከሰላምታው ሳልወጣ «አዳራሽ ሙሉ ሰው በትነሽ ማለፍ ያምርሻል?» ብለው ወደ ስብሰባ ሄዱ። እርስዎ የላኳቸው ባለሙያዎች ስንጥቁ የልስን መሆኑን አረጋግጠው በዚያው ዕለት አስደፍነውታል። የእኔ ውጤት ግን እንደተሰነጠቀ አለ፤ ካልተስተካከለም ዘንድሮ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም።

ሦስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ጊዜ በማጣቴ ትቼዋለሁ። እቴቴ አልታየች ወሬውን ስላዳረሱት ከተማው አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ባለፈው ዓርብ በመስጊዱ ግቢ ስለ ግድግዳ ተናገርኩ፣ እሑድ የገብርኤል ዕድር ጠራኝ፤ ነገ ደግሞ ደጎሎ ድረስ እሄዳለሁ። መናገር የማትችል ተማሪ ይህን ያህል የምትፈለግ መሆኗን ስላሳዩኝ ውለታዎ አለብኝ። ውጤቴን እንደገና እንዲመለከቱልኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ።

በሄዱበት ሁሉ ሰፊ በር እንዲገጥምዎ የምትመኝልዎ፣ ታዛዥ ተማሪዎ

ሱሀይላ ኑርሁሴን

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ የሳሎናችሁን ግድግዳ እንድመለከትላቸው ጠርተውኝ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። እርስዎ በሌሉበት ሰዓት እንድመጣ አደራ ያሉኝ ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው መስማት ስለፈለጉ ነው።