በእርሳስ ያልጻፉት ወይዘሮ ሸዋረጋ ኃይለ መስቀል
(1958–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለ መስቀል ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈትለወርቅ አየለ ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም. በየካ ሚካኤል ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አካባቢ ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1978 ዓ.ም. በከተማችን ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በካርድ ክፍል ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ቤተሰቡ የጤና ጣቢያውን ስም እዚህ ያልጻፈው ፈርቶ አይደለም፤ ከእሳቸው ስም ጎን እንዲቆም ስላልፈለገ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ ሕሩይ ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው ፍሬሕይወት በ1983 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ከሁለት ወሯ በኩፍኝ ሞተችባቸው። ከሐዘን ወደ ሥራ ሲመለሱ የዚያን ወር መዝገብ ገልጠው አዩ። በኩፍኝ የሞተ የለም ይላል። ልጅቱ ያረፈችው ቤት ውስጥ ስለሆነ ማንም አልጻፋትም፤ ያውም የገዛ እናቷ በሚሠሩበት ቢሮ! ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ዞረው እየጠየቁም ቢሆን የሰሙትን ሞት ሳይጽፉ አላለፉም።

ዘመኑ የኮምፒውተር ሲሆን ሠልጥነው የጤና መረጃ ባለሙያ ሆኑ። በመሥሪያ ቤቱ ግን አንድ የቆየ ልማድ ነበር። የሳምንቱ ሪፖርት መጀመሪያ በእርሳስ ይሞላል፤ ኃላፊው ካየው በኋላ በእስክርቢቶ ይደምቃል። በመካከሉ ላጲስ አለ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከመነሻውም በእስክርቢቶ ይጽፉ ነበር። "በእርሳስ ከጻፍኩ መዋሻ ቦታ ለቀቅኩላቸው ማለት ነው" ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው "እትዬ እስክርቢቶ" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከእንጦጦ ጋራ ሥር ካሉት ቤቶች አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት በኩፍኝ ታመው መጡ። ወይዘሮ ሸዋረጋ አሥራ ዘጠኝ ብለው ጻፉ። ሳምንቱ ግን የግምገማ ሳምንት ነበር፤ ጤና ጣቢያውም ለዋንጫ ታጭቷል። ኃላፊው አስጠርተዋቸው "እትዬ ሸዋዬ፣ ለአንድ ሳምንት ነው እኮ፤ አለርጂ ይበሉትና እንለፈው" አሏቸው። "እኔ የእናቶቻቸውን ፊት አይቼ ነው የጻፍኩት፤ ከፈለጉ እርስዎ ይፈርሙበት" ብለው ወጡ።

ቅጹ በሌላ ሰው እጅ ተገልብጦ፣ አሥራ ዘጠኙ ዜሮ ሆኖ ሄደ። ዜሮ ወደተባለበት ሰፈር ክትባት የሚልክ የለም። የክትባት ቡድኑ የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አምስት ሕፃናት ሞቱ። ዋንጫው ዛሬም በኃላፊው ቢሮ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ በየጠዋቱም ይወለወላል።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በወሩ "ለተሻለ ሥራ" ተብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። የሠላሳ ስድስት ዓመት የመረጃ ሠራተኛ ሳሙናና መጥረጊያ አዳይ ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን እየወጡ የሞቱትን ልጆች ስም ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተው በደብተራቸው መዘገቡ። መዝገቡ እንዲታረም አራት ጊዜ አመለከቱ። አንድም መልስ አልመጣም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሐዘን መግለጫ ላከልን። "በአጭር ጊዜ ሕመም ያረፉ የሁለት ልጆች እናት" ይላል። ሕመማቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። ልጆቻቸውም ሦስት ናቸው፦ ፍሬሕይወት፣ እየሩስ እና ሕዝቅኤል። ደብዳቤውን ላመጣው ሰው መልሰን ሰጠነው። ተናደናል፤ ንዴታችንንም በለቅሶ አንሸፍነውም።

ባለቤታቸው አቶ ሕሩይ፣ ልጆቻቸው እየሩስና ሕዝቅኤል፣ እንዲሁም ታናሽ ወንድማቸው ከበበ በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ሕመሙ ሲጠናባቸው ልጃቸውን እየሩስን "መዝገብ ካልተቀበላቸው፣ የኔ ስም በሚነበብበት ቀን የነሱም ይነበብ" ብለው አደራ ሰጥተዋታል። አደራ ነውና ከደብተራቸው እንዳለ እናነባለን፦

ጊፍቲ፣ ሁለት ዓመት።
ሁሴን፣ ዘጠኝ ወር።
ኤልቃና፣ አራት ዓመት።
ሚልኬሳ፣ አንድ ዓመት ከግማሽ።
ርሆቦት፣ ሦስት ዓመት።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ፣ የፍሬሕይወትን ነፍስ፣ የእነዚህንም ሕፃናት ነፍስ በዕቅፉ ያኑርልን። ሰባት ናቸው። እዚህ የቆማችሁ ሁሉ፣ ማንም ቢጠይቃችሁ ሰባት በሉ።