ሻሿን ስላስወለቁልኝ ምስጋና

አቃቂ፣ ሚያዝያ ፲ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር የወንዝ ዳር ፈትልና ሽመና ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም በፍጹም ጤና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ ሴት ልጅዎ በየማለዳው ፀጉሯን በሰላም እንድታበጥር ከልብ እመኝላታለሁ። እጄ ለጽሑፍ ቀርፋፋ ስለሆነ ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የልጄ የዳሲቱ ወሬ የደረሰኝ በቀትር ነበር። በእኛ ሠፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ የፋብሪካዎ ዘበኛ ጉተማ በጠራራ ፀሐይ ብቻውን መጥቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ «እመት አደሴ፣ ከቢሮ ተልኬ ነው፤ ስለ ዳሲቱ ነው» ሲለኝ፣ የጃፓን ጉዞዋ የተፈቀደላት መሰለኝና እልል አልኩ። ጎረቤቴ አዚዛም ከሱቋ ወጥታ እልልታውን ተቀበለችኝ። ጉተማ ምስኪን «ኧረ እመት፣ ስለ ፈጣሪ ዝም ይበሉ» እያለ ደጄ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። የገዛ ልጇን ሞት በእልልታ የተቀበለች እናት በአቃቂ ከእኔ በፊት አልተሰማችም። ይህን ክብር ስለሰጡኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

እንደሚያውቁት ፋብሪካዎ ልጄን የመረጣት ጃፓን አገር ሄዳ የሽመና ማሽን ጥገና ተምራ እንድትመለስና ሌሎችን እንድታስተምር ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎ አቶ ፈቀደ «አንቺን ዓለም አቀፍ ባለሙያ ነው የማደርግሽ» ብለው የማዘጋጀቱን ሥራ በራሳቸው እጅ ያዙት። ስለ ዝግጅቱ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከፈረቃዋ በኋላ እንግሊዝኛ ስለተማረች አመሰግናለሁ። የማሽኑን ብልቶች ስም ለብቻዋ እየደጋገመች ስትመጣ የሠፈሩ ኮረዶች «ሚስ ጃፓን፣ ለእኔም ባል አምጪልኝ!» ይሏት ነበር። እሷም «አንቺን ራስሽን ወስጄ እዚያው እሸጥሻለሁ» ትላቸውና ይሳሳቁ ነበር። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ደጄ ግን አሁን ፀጥ ብሏል።

፪ኛ. ትዕግሥትን ስላስተማሯት አመሰግናለሁ። የሚሽከረከረውን የሞተር ቺንጋ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ የውጭ አገር እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቀለም ሊቀባ ተነሣ፤ በዚያው ቀረ። ልጄ ለካቦው ነገረች። ካቦው ወደ አቶ ፈቀደ ላካት። እሳቸውም «ጃፓን ሄደሽም ስለ ቆርቆሮ ልታለቅሺ ነው? ዓለም አቀፍ ባለሙያ በትንሽ በትልቁ አይነጫነጭም» አሏት። ክቡር ሆይ፣ ትምህርቱ ሰምሮላቸዋል፤ ዛሬ ልጄ በምንም ነገር አትነጫነጭም።

፫ኛ. ስለ ሻሿ። ምናልባት ከቢሮዎ አይታይ ይሆናል እንጂ፣ በፋብሪካዎ ውስጥ ማንም ያላወጀው አንድ ሕግ አለ። አዲስ ልጅ ስትቀጠር ነባሮቹ ሴቶች ፀጉሯን በገዛ እጃቸው ጎንጉነው፣ በሻሽ ጠፍረው ሳያስሩላት ወደ ማሽን አያስጠጓትም። ዳሲቱንም እንዲሁ አስረው ነበር ያስገቧት። አቶ ፈቀደ ግን እንግዶቹ ፎቶግራፍ አንሺ ይዘው እንደሚመጡ ሲሰሙ «ሻሽ የባላገር ነው፤ አውልቂው። ዓለም የሚያይሽ ይኼኔ ነው» አሏት። ሳሪስ ድረስ ሄዳ ፀጉሯን ተተኩሳ መጣች፤ ትከሻዋ ላይ ሲወርድ በእውነት ያምር ነበር። በማግስቱ ለእንግዶቹ ልምምድ ተብሎ፣ የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቀጠል ልታሳይ ጎንበስ አለች። ቺንጋው ያን ያማረ ፀጉር አገኘው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ካቦው እዚያው ነበርና እሱን ይጠይቁት።

፬ኛ. አቀባበሉን ስላላስተጓጎሉ አመሰግናለሁ። ማሽኑ ታጥቦ፣ እንግዶቹ በቀጠሯቸው መጥተው፣ ተጨብጭቦ እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ለአርባዋ የላኩልኝ ጣቃ ጨርቅም ደርሶኛል። የልጄን እጅ ሥራ ስለማውቅ፣ እሷ የሠራችው መሆኑን ለማረጋገጥ ጊዜ አልወሰደብኝም።

እስካሁን ያልኩት ያለፈ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስላላለፈው ነው። በዳሲቱ ቦታ የአዚዛን ልጅ ሰኪናን መርጣችኋል። ከፋሲካ በኋላ ሌሎች እንግዶች ይመጣሉ። ቆርቆሮው ዛሬም አልተመለሰም። ሰኪና ትናንት ዓይኗ ደም መስሎ መጥታ «እማማ፣ ሻሽሽን ካላወለቅሽ ጃፓን የለም አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔም «ጃፓን የትም አይሄድም፣ ባለበት ይጠብቅሻል፤ ነይ ጭንቅላትሽን ስጪኝ» አልኳት። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፈረቃዋ ስትወጣ ፀጉሯን ጠፍሬ የማስራት እኔ ነኝ። እኔ ያሰርኩት በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ቀን ሻሿ ወልቆ ቢገኝ ማን እንዳወለቀው ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሴቶች ልጆቻችን ባሕር ማዶ ተሻግረው ባለሙያ እንዳይሆኑ የምንፈልግ ሰዎች አይደለንም፤ ይሂዱ፣ ይማሩ፣ ከእርስዎም ይብለጡ። በሕይወት ይሂዱ ብቻ ነው የምንለው።

የእድራችን ሴቶችም በዚህ ተስማምተው ሰላምታቸውን ልከዋል። ለእንግዶቹ አቀባበል የበኩላቸውን ለማድረግ ስለፈለጉ፣ ቆርቆሮው እስከዚያ ቦታው ካልተመለሰ፣ በዕለቱ የለቅሶ ድንኳናችንን በፋብሪካዎ በር ፊት ይተክላሉ። ሁላችንም ጥቁር ለብሰን፣ ፀጥ ብለን እንቀመጣለን። እንግዶቹ ማን ሞቶ ነው ብለው ቢጠይቁ፣ አቶ ፈቀደ እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ ያስረዷቸዋል።

ለእርስዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ፋብሪካዎ ልጅ አልባ ያደረገኝ፣ ከዚህ በኋላም የሚወስድብኝ ነገር የሌለኝ፣

አደሴ ሮሪሳ

ግልባጭ፦ በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ለሚያልፍ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ ቆርቆሮው የጠፋ እንደሆነ አይጨነቁ፤ ከቤቴ ጣሪያ ላይ ነቅለን እንሰጥዎታለን። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ደግሞ፣ በምታምኑበት ሁሉ ለልጄ ለዳሲቱ ዱጉማ ጸልዩልኝ፣ ነፍሷን ይማርልሽ በሉኝ። ለሰኪና ጸሎት አትድከሙ፤ ለእሷ ገና ቆርቆሮ ይበቃታል።