በልጄ አገጭ ላይ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር ቢሂ፣
ሐርጌሳ

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም መንጋጋዎ፣ እንዴት ሰነበተ? እኛ ደህና ነን። ልጄ ኢዲል ግን ካባረሯት ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቦርሳዋን አንግታ በቤታችን በር ላይ ስለምትውል፣ እኔም አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶኛል። እንደሚያውቁት ስትወለድ አንጎሏ ስለተጎዳ ምራቋን ቶሎ መዋጥ ይቸግራታል።

አንደኛ፦ ልሃጯ እንዲቀንስ አስበው በክፍል ውስጥ ውሃ ስለከለከሉልኝ አመሰግናለሁ። ሐኪሟ ችግሩ የምራቅ መብዛት ሳይሆን የመዋጥ መዘግየት ነው ብሎን ነበር፤ ምን ያድርግ፣ እሱ የተማረው ሕክምና ብቻ ነው። ልጄ በቀትር ራሷን ስታ ወደቀች፤ ልሃጯ ግን አልቀረም።

ሁለተኛ፦ ከጓደኞቿ ለይተው ለብቻዋ ስላስቀመጧት፣ ሰፊ ወንበር አግኝታለች።

ሦስተኛ፦ ጉዳያችንን ሊያዩልን ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ጫት ወደሚቅሙበት ቤትዎ ስለጠሩን ክብር ተሰምቶኛል። እኔና ኢዲል አንድ ምልክት አለን፦ አገጬን በጣቴ መታ መታ ሳደርግ «ዋጪ፣ ጥረጊ» ማለቴ ነው። ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ታዲያ እርስዎ ጉንጭዎን ወጥረው «ይህች ልጅ ለክፍሉ ንጽሕና አትመችም» ሲሉ፣ አረንጓዴው ጭማቂ በአገጭዎ ወርዶ ነጭ ሸሚዝዎ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የኮሚቴው አባላት በሙሉ አዩ፤ አይተውም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ያዘነችልዎ ኢዲል ብቻ ነበረች፤ አገጯን መታ መታ አደረገችልዎ።

«ጭራሽ ታሾፍብኛለች? ውሰጂልኝ ይህችን ባለጌ! ሁለተኛ የትምህርት ቤቴን ግቢ እንዳትረግጥ!» አሉ። ወይ ጉድ! ልጄ እኮ በዚያ ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ልርዳ ያለችው። አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ኢዲልን፣ ስድስት ልሃጭ መጥረጊያ የአንገት ጨርቅና አንድ ኮዳ ውሃ ይዤ እመጣለሁ። በሩን ከዘጉት ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ትማራለች፤ ድምፅዎ ከግቢው አልፎ እንደሚሰማ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ለንጽሕናዎ ዘወትር የምጨነቅ፣ ትዕግሥቴ እንጂ አክብሮቴ ያላለቀ፣
ዴቃ ዋርሳሜ፣ የኢዲል እናት

ማሳሰቢያ፦ ከስድስቱ ጨርቆች አንዱ የእርስዎ ነው። ኢዲል ራሷ በጣቷ ጠቁማ አረንጓዴውን መርጣልዎታለች። ምልክቱን ለመልመድ እርስዎ ሁለት ዓመት እንደማይፈጅብዎ ተስፋዬ ነው።