ባርኔጣው ያረፈበት ድንጋይ

ለልጅ ልጄ ለቬርሊን፤

እንደምን ከርመሻል? የእንግሊዝ አገሩ የሬዲንግ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ከእናትሽ የወረስሽው ራስ ምታት ተሻለሽ ወይስ ዛሬም በጨለማ ክፍል ያስተኛሻል? ባለቤትሽ ዴዝመንድ አሁንም እንደ ጎረምሳ ያለ ካፖርት ይወጣል? ትንሿ ዛኒያስ ጥርስ አበቀለች ወይስ እንደ እኔ በድዷ ትስቃለች? እኔ ቀኝ ጉልበቴ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ስለሚነግረኝ ለመንደሩ ሁሉ ትንቢት እየተናገርኩ አለሁ። ከዚያ በቀር ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አያቴ፣ ያን የእንጨት ቤት ተወውና አባባ ባሠራልህ የሲሚንቶ ክፍል ግባ፤ በሰማንያ አራት ዓመትህ ቤትህን ተሸክመህ ልትዞር ነው? ቀንድ አውጣ ነህ እንዴ?» ብለሻል። ስድቡን ከእኔ ስለተማርሽው አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ጥሩ ተምረሻል።

ነገሩን ከአባትሽ አፍ ብቻ ስለሰማሽ ከእኔም ስሚ። ቤቴ የቆመበት መሬት የወይዘሮ ጊተንስ እንደነበረ ታውቂያለሽ። እሳቸው ሲሞቱ ካናዳ ያሉት ልጆቻቸው ሸጡት። ገዢው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ቤቱን ካላነሳሁ በማሽን ጠርጎ እንደሚጥለው ላከብኝ። አባትሽ ኮልቪን ደግሞ «አንተ ና፤ ምስጥ የበላው ሳንቃ ግን ግቢዬ አይገባም» አለኝ። ልጄ ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ግንቡን ገና በነጭ ቀለም ማስቀባቱ ስለነበር ነው።

እውነቱን ልንገርሽና ልተወው ነበር። ደክሞኛል ቬርሊን። እርጅናው ብቻ አይደለም፤ መነሳት ራሱ ነው ያደከመኝ። ዛኒያ አድጋ ስለ ደሴታችን ታሪክ ብትጠይቅሽ ስለዚህ ቤት ንገሪያት፤ ይበቃታል። የአያቴን አባት ነጻ ነህ ሲሉት ሸንኮራው፣ መሬቱ፣ ውሃው፣ መንገዱ ሳይቀር የባለ እርሻው ነበር። እግር ፈትተው ማሳረፊያ ነሱት። ከአለቃው ጋር ቃል የተቀያየረ ሰው በሳምንቱ ልቀቅ ይባላል። ስለዚህ ሰዎቻችን መላ ዘየዱ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ደርበው፣ ሳንቃውን በጥቂት ምስማር አያይዘው ቤት ሠሩ። ልቀቅ ሲባሉ ይነቅሉትና በጋሪ ጭነው ይሄዳሉ። መሬቱ የሰው፣ ቤቱ የራስ።

እኔ በተወለድኩበት በ1937 የራበው ሕዝብ አምፆ ከተማው ሲታመስ አባቴ በእጁ ድንጋይ ይዞ ታየ ተባለና ቤታችን ተነሳ። እናቴ የአርባ ቀን ልጅ ሆኜ ከበሩ ሳንቃ ጎን በጋሪ እንዳስተኛችኝ ትነግረኝ ነበር። በ1955 ጃኔት የምትባለው አውሎ ነፋስ ጣራችንን ሠላሳ እርምጃ ወሰደችው፤ እስከ ዛሬ በነጻ ያጓጓዘችን እሷ ብቻ ናት። ሦስተኛውን ጊዜ፣ በ1966 የሆነውን፣ ግማሹን ታውቂዋለሽ። ሌላውን ግማሽ ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ጊዜ ከእርሻው አለቃ ጋር ተጨቃጭቄ ልቀቅ የተባልኩት አገሪቱ ነጻ ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር። አያትሽ ዩዶራ ከመዘምራኑ ጋር ለሰንደቅ ዓላማው በዓል ከተማ ሄዳለች። እኔ፣ ጋርኔትና ሌሎች ጓደኞቼ ቤቱን ወደ ወይዘሮ ጊተንስ መሬት አመጣነው። ልማዱን ታውቂያለሽ፤ ባለቤቱ ባርኔጣውን የፊት በሩ በሚቆምበት ድንጋይ ላይ ያኖራል፣ ሳንቃ የተሸከመው ሁሉ የቤቱን ፊት ወደዚያ ያደርጋል። ጋርኔትን ጠብቀው አልኩት። ወደ ማምሻው ዝናብ መጣ፣ የሸንኮራ አረቄም ነበረ።

በማግስቱ ጠዋት ዩዶራ ከአውቶቡስ ወርዳ አየችው። ፊቱን ወደ ሸንኮራው፣ ጓዳውን ወደ መንገዱ አድርገን ተክለነዋል። «አገሩ ሁሉ ዛሬ ፊቱን ወደ ዓለም ሲያዞር የእኔ ቤት ለመንገዱ ቂጡን ሰጠ» አለች። የመዘምራን ሴት እንዲህ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም «ጋርኔት ነው ባርኔጣውን ያንቀሳቀሰው» አልኳት። ጋርኔት አየኝ፤ ብርጭቆውን ጨረሰና ወደ ቤቱ ሄደ።

አንቺም ቤቱ ለምን ጀርባውን ለመንገዱ እንደሰጠ ስትጠይቂ «ጋርኔት ሰክሮ» ብዬሻለሁ። ውሸት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ባርኔጣዬን አንስቼ ራሴ ላይ ደፋሁት፤ ሲያባራ መልሼ ያስቀመጥኩት በተሳሳተው ድንጋይ ላይ ነው። ለምን አላዞርከውም ትይኝ ይሆናል፤ ቤት ለማዞር ሃያ ሰው ያስፈልጋል፣ ሃያ ሰው ደግሞ ሃያ ሳቅ አለው። ዩዶራ ከዚያ ወዲያ ጋርኔትን ማዕድ አላስቀረበችውም። በየዓመቱ ለነጻነት በዓል በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ የምትቀቅለውን የበቆሎና የዱባ ኮንኪ ለጎረቤት ስታድል እሱን ትዘለዋለች። ሃምሳ አምስት ዓመት እንግዳው ሁሉ በጓዳ በር ገባ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእሷም ሳጥን በዚያው በር ወጣ። ያን ቀን ልናገር አስቤ ተውኩት።

ባለፈው ወር መጨረሻ ቅዳሜ ቤቱን የሚነቅል አናጢ መጣ። አባትሽ የምስጡን ጉድ ሊያሳየኝ የመጀመሪያው ሳንቃ እንደወረደ በጉልበቱ ተንበርክኮ በጣቱ አንኳኳው። ሌላውን አንኳኳ። አንድ ቀዳዳ አላገኘም። አንዱን ጫፍ በትከሻው አነሳና «አባባ፣ ግቢው ውስጥ የት ይሁን?» አለኝ። ሳንቃውን እንደተሸከመም ወደ ግቢው መንገድ ጀመረ።

ጋርኔትም ሰማንያ ስድስት ዓመቱን ከነወንበሩ አስይዞ መጣ። በአባትሽ ግቢ የፊት በሩ በሚቆምበት ቦታ ወንበሩን አኖረና እጁን ዘረጋ፤ «ባርኔጣህን አምጣ» አለኝ። ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አስቀመጠና «ዛሬ ድንጋይ ላይ አይውልም፤ ዝናብ ቢመጣ መላጣህ ይበስብስ እንጂ አልመልስልህም» አለ። ቤቱ እዚያው እሱ በተቀመጠበት ፊት ለፊት ተተከለ። ፊቱን ወደ መንገዱ ሰጠ።

ማክሰኞ ሪፐብሊክ ሆንን። የእንግሊዟን ንግሥት አሰናበትን፤ እኔም የተነሳሁበትን መሬት። በዚህች ደሴት መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የእኔ ቤት ለምን እንደሚነሳ አዲሶቹ ያስረዱኝ። እናትሽ ማርቫ ኮንኪ ቀቅላ የመጀመሪያውን ለጋርኔት ሰጠችው። በአባትሽና በእናትሽ ፊት «ባርኔጣውን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነበርኩ» አልኩ። ድምፄ እንደ ዶሮ ነበር። ጋርኔት ቅጠሉን ቀስ ብሎ ፈታና ቀመሰ።

«ጥሩ ነው ማርቫ» አለ፤ «ዩዶራ ግን ዱባውን ታበዛው ነበር።»

አንተ የእሷን የት ታውቀዋለህ አልኩት። «በየዓመቱ ነዋ። አንተ ከምሳ በኋላ ስታንኮራፋ በጓዳው መስኮት ታቀብለኝ ነበር፤ ሁለት ሁለት። ነገሩን በሳምንቱ ነግሬያታለሁ። ‹ዝም በል ጋርኔት፣ ራሱ እስኪናገር እንጠብቀው› አለችኝ። ጠበቅን።»

ከዚያ ወዲያ የምቀልደው ጠፋኝ፤ ይህን ለመንደሩ እንዳትነግሪብኝ። ሐሙስ ዕለት ጉልበቴን እያባበልኩ መቃብሯ ድረስ ሄድኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ነገርኳት። የተገረመች አልመሰለኝም።

ቀንድ አውጣው ከነቤቱ ገብቷል፤ አባትሽ ያሠራው ክፍል የእናንተ ነው፣ ስትመጡ ታድሩበታላችሁ። ዛኒያን ድዷን ሳሚልኝ። ዴዝመንድን ካፖርት ልበስ ብሎሃል በይው። አማትሽን ወይዘሮ ኢሶላን ጉልበታቸው የሚናገረውን ይጻፉልኝ በያቸው፤ ከእኔው ጋር እናመሳክራለን። እናትሽና አባትሽ ሰላም ይሉሻል። ጋርኔት ደግሞ ለቬርሊን ሰካራሙ እኔ አልነበርኩም ብለህ ጻፍ ብሎኛል፤ ይኸው ጻፍኩ።

አያትሽ ዳርንሊ

ሴንት ፊሊፕ፣ ባርቤዶስ
ዲሴምበር 5 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.